ጠባብ የኮንዶሚኒየም ቤት፣ ብዙ ዕቃና አብረውን የሚኖሩት አማቴ፦ ቤቱን ለኑሮ እንዲመች እንዴት እናድርገው?

ጥያቄ፦ እናት ከጀሞ

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ጀሞ በሚገኝ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲሆን፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና አማቴ አምስት ሆነን ነው። አማቴ ልደታ የነበረው የቀበሌ ቤታቸው ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ወደ እኛ መጡ፤ ግቢ ባለው ቤት ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ያፈሩት ዕቃም አብሯቸው መጣ። መኝታ ቤቱን ለእሳቸውና ለልጆቹ ትተን እኔና ባለቤቴ ሳሎን ውስጥ በሚዘረጋው ሶፋ ላይ እንተኛለን። ሶፋው እንዲዘረጋ ማታ ማታ ጠረጴዛውን ወደ ኩሽናው በር መግፋት ስላለብን፣ ሌሊት ውኃ ሊጠጣ የተነሳ ልጅ በጠረጴዛው ሥር ሾልኮ ነው የሚያልፈው።

ሳሎኑን ከሁሉ በላይ የያዘው ባለ መስታወቱ ቡፌ ነው። ውስጡ የወርቅ ቅብ ጠርዝ ያላቸው ሲኒዎች፣ ሁለት ሙሉ የሰሃን ሰርቪስ፣ ትሪዎችና ፔርሙዞች ተደርድረዋል፤ ከብርጭቆዎቹ አንዳንዶቹ የዋጋ ወረቀታቸው እንኳ አልተላጠም። አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ግን ደብተሯን የምትዘረጋበት ቦታ አጥታ የቤት ሥራዋን አልጋ ላይ በሆዷ ተኝታ ትሠራለች። በረንዳው ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በጀሪካንና በበርሜል ተሞልቷል። ቁም ሳጥኑ ላይ የባለቤቴ እህት ከውጭ በመጣች ቁጥር የምታመጣቸው ሻንጣዎች እስከ ጣሪያው ተደራርበዋል፤ አልጋው ሥር ደግሞ የአማቴ ጋን፣ እንስራዎችና የሸክላ ድስቶች አሉ።

የማትጠቀሙበትን ጣሉ የሚለውን ምክር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በእኛ ቤት ግን እያንዳንዱ ዕቃ ባለቤት አለው፤ ባለቤት ያጣው ደግሞ የሚጠብቀው በዓል ወይም እንግዳ አለ። አማቴን ሳላስከፋ፣ ብዙ ገንዘብም ሳላወጣ፣ ቢያንስ ለልጄ የማጥኛ ቦታና ለሁላችንም መተላለፊያ ላገኝ የምችልበትን መንገድ የምታውቁ ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ነዋሪ ከሰሚት

እህቴ፣ ጥያቄዎን በደንብ አንብቤዋለሁ፤ የብዙዎቻችን ቤት ችግር ነው። አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እፈልጋለሁ፦ የዘረዘሯቸው ዕቃዎች በአብዛኛው የሚያገለግሉት ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚኖሩትን አምስት ሰዎች አይደለም። ቡፌው፣ ሰርቪሶቹ፣ ትልልቆቹ ድስቶች ሁሉ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የሚመጣውን እንግዳ እየጠበቁ የተቀመጡ ናቸው። እንግዳ ማክበር ትልቅ ነገር ነው፤ በእኔ እምነት ግን ልጅቱ በየቀኑ የምትማርበት ጠረጴዛ መቅደም አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ ሲያነሱ "ይህ የሚጠብቀው ማንን ነው?" ብለው ቢጠይቁ መለየቱ ይቀልልዎታል።

በግቢ ቤት ዘመን አንድ ቤተሰብ ለለቅሶውም ለክርስትናውም የሚበቃ ዕቃ የሚያከማችበት ማዕድ ቤትና ጓዳ ነበረው። ዛሬ ያንን ሸክም ዕድሩ ሊያነሳልን ይችላል። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ብረት ድስት፣ ሰሃንና ብርጭቆ የሌለው ዕድር ጥቂት ነው፤ አባል እስከሆኑ ድረስ ብዙ ሰው ሲኖርብዎ ከዚያ መውሰድ ይችላሉ። በእኛ ሰፈር አንዳንድ ቤተሰቦች የየግላቸውን ትልልቅ ድስትና ትሪ ለዕድሩ ንብረት ክፍል ሰጥተው ቤታቸውን አስፍተዋል፤ በሚያስፈልጋቸው ጊዜ ያው ዕቃ ከነባልንጀሮቹ ይመጣላቸዋል። የበግ ማረዱንና ሰፊ ወጥ መሥራቱንም ለብሎኮቹ በጋራ በተሠራው የጋራ መገልገያ ሕንፃ ውስጥ ማድረግ ስለሚቻል፣ ለዚያ ሥራ የሚሆነውን ዕቃ ሁሉ ኩሽና ውስጥ ማኖር አያስፈልግም።

ቡፌ ውስጥ ካሉት ሁለት ሰርቪሶች የሚያምረውን መርጣችሁ የየዕለት መመገቢያ አድርጉት። ልጆች ይሰብሩታል ብለው ይሰጉ ይሆናል፤ ቢሰበርም ቤተሰቡ በልቶበት ነው። የተሻረውን የየዕለት ሰሃንና ሁለተኛውን ሰርቪስ ግን ጎጆ ለሚወጣ ዘመድ ስጡት። ሲኒና ረከቦቱን አትንኩ፤ ቡና በየቀኑ የሚፈላበት ቤት ለረከቦት የሚሆን ጥግ አያጣም።

የሚወጣውን ዕቃ በተመለከተ የምናውቃቸው መንገዶች በቂ ናቸው። ብረታ ብረቱን፣ ጠርሙሱንና የተቀደደውን ጀሪካን ቆራሌው ይገዛዎታል፤ ብረቱም መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ተቀጥቅጦና ተበይዶ ምድጃ ወይም ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል። በልዋጭ በኩል ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አሮጌ ልብስ ሰጥተው በምትኩ ሳፋና ባልዲ ከተቀበሉ ከቁም ሳጥኑ የወጣው ነገር መልኩን ቀይሮ በረንዳው ላይ ይቀመጣል። ንጹሕና የሚለበስ ልብስ ካለ አጥባችሁና አጣጥፋችሁ እንደ መቄዶንያ ላሉ የተቸገሩትን ለሚረዱ ድርጅቶች ብትሰጡት እመርጣለሁ።

ይህን የምጨምረው ብዙ ጎረቤት ስለሚጣላበት ነው፦ ትርፉን ዕቃ ደረጃ ሥር ወይም ኮሪደር ላይ አታስቀምጡት። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ መሠረት እነዚህ ቦታዎች የሁሉም የጋራ ንብረት ናቸው፤ ከሕጉም በላይ እሳት ቢነሳ ወይም ታማሚ በቃሬዛ ቢወርድ መውጫው ይኸው ደረጃ ብቻ ነው።

መልስ፦ አናጺ ከአየር ጤና

ከላይ የተሰጠው ምክር ጥሩ ነው፤ እኔ በሙያዬ የማውቀውን ላክል። በመጀመሪያ ቡፌው ከምን እንደተሠራ ይመልከቱ። የድሮ ከሆነ ዋንዛ ሊሆን ይችላል፤ ዋንዛ ከሆነ በርካሽ ዋጋ አሳልፋችሁ እንዳትሰጡት አደራ እላለሁ፤ እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ እንደልብ አይገኝም። የድሮ ቡፌ አብዛኛውን ጊዜ የታችኛው ሳጥንና የላይኛው ባለ መስታወት ክፍል ተለያይተው የሚነሱ ሁለት አካላት ናቸው። የታችኛው ብቻውን የቴሌቪዥን ማስቀመጫና የሰሃን ቁም ሳጥን ይሆናል። የላይኛው መስታወቱ ወጥቶለት የልጆች መጻሕፍት መደርደሪያ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲደረግ ዕቃው ከቤት አልወጣምና አማትዎም አይከፋቸውም፤ ሳሎኑን ያጨለመው ከፍታ ግን ይወገዳል።

ለማጥኛው የሚታጠፍ ጠረጴዛ ይበቃል። ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ በማጠፊያ ግድግዳ ላይ ታስሮ፣ ሲያስፈልግ በሁለት ድጋፍ ተደግፎ ይዘረጋል፤ ማታ ሲታጠፍ ከግድግዳው የሚወጣው ከአንድ መዝገበ ቃላት ውፍረት አይበልጥም። ለአዋቂ 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የተለመደ ነው፤ ለአራተኛ ክፍል ልጅ ግን ወደ 65 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ትከሻዋን ከፍ አድርጋ እንዳትጽፍ ያግዛታል። በመስኮት አጠገብ ይሁን፤ በቀኝ እጇ የምትጽፍ ከሆነ ብርሃኑ በግራ በኩል ቢመጣ የእጇ ጥላ ደብተሩ ላይ አይወድቅም።

ግድግዳውን በተመለከተ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ባብዛኛው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው። በትንሽ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ ፕላስቲክ) እና ብሎን የተሰቀለ ከባድ መደርደሪያ ለጥቂት ጊዜ የያዘ ይመስልና አንድ ቀን ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ክብደት ያለው ነገር ኮለን (የሕንፃው ቋሚ ምሰሶ) ወይም ቢም (አግዳሚ ተሸካሚው) ላይ ይታሰር፤ ኮለኑ በሌለበት ቦታ መደርደሪያው እግር ይኑረውና ክብደቱ ወለሉ ላይ ይረፍ፤ መደርደሪያው እንዳይወድቅ ብቻ ግድግዳው ይያዘው።

ስለ በረንዳው ውኃ ደግሞ ክብደቱን አስቡት። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል 200 ኪሎ ነው። ይህን ያህል ጭነት ከሕንፃው ወጣ ባለው የበረንዳ ጠርዝ ላይ መደርደር ተገቢ አይደለም፤ ወደ ቤቱ ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጥ። ከአንዱ ፈረቃ እስከ ቀጣዩ በእርግጥ የምትጠቀሙትን ውኃ ለኩና ለዚያ የሚበቃውን ብቻ፣ ምናልባት ውኃው ቢዘገይ ከጥቂት መጠባበቂያ ጋር አስቀሩ። ብየዳ ቤት በአንግል ብረት ባለ ሁለት ደርብ መቆሚያ ቢያሠሩ ጀሪካኖቹ የሚይዙት ወለል በግማሽ ይቀንሳል፤ ከላይ ደግሞ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ መዘርጊያ ታገኛላችሁ።

ቁም ሳጥኑን ከውጭው ግድግዳ ቢያንስ አንድ እጅ የሚያስገባ ያህል አርቁት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አየር የማያገኝ ግድግዳ ሻጋታ ይይዛል፤ ከቺፑድ የተሠራ ቁም ሳጥን እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ከዚያ በኋላ መልሶ አይስተካከልም።

መልስ፦ ጡረተኛ መምህርት ከጎንደር

ልጄ፣ እኔ በአማትሽ ዕድሜ ያለሁ ሴት ነኝና ስለ ጋኑና ስለ እንስራው ልናገር። ቤቷ የፈረሰባት ሴት፣ ጎረቤቷ የትም የተበተነባት ሴት፣ ከዚያ ሁሉ ይዛ የወጣችው እነዚያን ዕቃዎች ብቻ ነው። ጋኑን ስታይ የልጆቿን ሰርግ ታያለች። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ አማትሽ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት አንዲት ማንኪያ እንኳ እንዳታነሺ። አንድ ጊዜ እንዲህ ከተደረገ ከዚያ በኋላ የቀረውን ሁሉ አጥብቀው ይይዛሉ፣ እምነቱም አይመለስም።

ነገሩን ልጃቸው፣ ማለትም ባለቤትሽ ይጀምረው፤ አንቺም አብረሽ ተቀመጪ። ቡና ተፈልቶ፣ ዕቃው አንድ በአንድ እየወጣ ታሪኩን ይንገሩ፣ ልጆቹም ይስሙ። ጥያቄው "ምኑን እናስወጣ?" ከሆነ ሰው ይደነግጣል። "እማዬ፣ ከነዚህ ውስጥ ሳሎናችን ውስጥ እንዲታይ የሚፈልጉት የትኛውን ነው?" ሲባሉ ግን መምረጥ ይጀምራሉ። መሶቡን ቢመርጡ ጥግ ላይ አቁሙትና እንጀራ ይቀመጥበት፤ በየቀኑ የሚከፈት መሶብ ቦታ ያዘ አይባልም። ባለ ቀለሙን ስፌት ግድግዳው ላይ ስቀሉት፤ ቀላል ስለሆነ አናጺው ያሉት ችግር አይደርስበትም፤ ከየትኛውም ከሱቅ የተገዛ ሥዕል ይልቅ ቤቱን ቤት ያስመስለዋል።

ጋኑ አልጋ ሥር ሆኖ ማንንም አይጠቅምም። ሸክላ እርጥበትና ሽታ ይይዛል፤ ታጥቦ ፀሐይ ካልሞቀና በወይራ ካልታጠነ ይበላሻል፣ ልጆቹም በዚያ ሽታ ላይ ነው የሚተኙት። ከዘመድ መካከል አሁንም ጠላ የምትጠምቅ፣ ግቢ ያላት ሴት ካለች አማትሽ ራሳቸው ይምረጧትና በገዛ እጃቸው ያስረክቧት። ጋኑ ሥራ ላይ መሆኑን ካወቁ፣ በበዓልም ከዚያው ጋን ጠላ ከመጣላቸው፣ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይቆጩም።

በምላሹ ለእሳቸው የብቻቸው የሆነ ነገር ስጧቸው። ቁልፍ ያለው ትንሽ ሳጥን ወይም የኮመዲኖ መሳቢያ፣ የጸሎት መጽሐፋቸውና ሥዕለ አድኅኖው የሚቀመጥበት ከፍ ያለ ቦታ፣ ነጠላቸው የሚንጠለጠልበት መስቀያ ይኑራቸው። በልጅ ቤት ውስጥ የራሱ ጥግ ያለው አዛውንት ዕቃ የማከማቸት ጉጉቱ ይቀንሳል፤ በዕድሜዬ ደጋግሜ ያየሁት ነው።

መልስ፦ ወንድም ከሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ ሻንጣዎቹ ብቻ ልናገር። እኛ ውጭ ያለነው ወደ አገር ስንገባ የተፈቀዱልንን ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች ሳንሞላ መሄድ እንደ ንፉግነት ስለሚሰማን፣ ቅናሽ ባየን ቁጥር የልጆቹን ልክ ሳናውቅ እንገዛለን። ቤተሰብም ይሉኝታ ይይዘውና ይህ አይሆነንም አይልም። የባለቤትዎ እህት በእርግጥ መጥቀም ስለምትፈልግ ከመምጣቷ በፊት የሚያስፈልገውን በግልጽ ብትጽፉላት አትቀየምም፤ የልጆቹን የጫማ ቁጥር፣ የአማትዎን መድኃኒት፣ ወይም በልብሱ ፋንታ ለጠረጴዛው ሥራ የሚሆን ገንዘብ ልትጠይቋት ትችላላችሁ። ባዶዎቹን ሻንጣዎች አንዱን በአንዱ ውስጥ እያስገባችሁ ትልቁን ብቻ አስቀሩ፤ የክረምት ብርድ ልብስ በዚያ ውስጥ ይቀመጥ። የተረፉትን ለመንገደኛ ሽጡ፤ ገዢ አያጡም።

ጠያቂዋ፦ እናት ከጀሞ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ባለቤቴ ትናንት ከእናቱ ጋር ተነጋግሯል፤ አማቴ ጋኑን ሰበታ ለምትኖር የእህታቸው ልጅ ሊሰጧት ፈቅደዋል፤ እንስራዎቹን ግን ለጊዜው አንለያይም ብለዋልና አልተጫንናቸውም። ቡፌው በእርግጥም ዋንዛ ነው፣ ከሁለት ይለያያል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፦ በመስኮቱና በኮለኑ መካከል ያለው ግድግዳ 85 ሴንቲ ሜትር ነው። የቡፌውን የላይኛውን ክፍል ከጠረጴዛው በላይ እዚያው ላሰቅለው እችላለሁ ወይ?

መልስ፦ አናጺ ከአየር ጤና

ከልጅ ራስ በላይ የዋንዛ ቡፌ አይሰቀል፤ መጻሕፍት ሲጨመርበት ክብደቱ ብዙ ነው። ወለሉ ላይ በቁሙ አስቀምጡትና ኮለኑን ተደግፎ ይቁም፤ ከላይ በኩል በሁለት ብረት ከኮለኑ ጋር ይታሰር። ቡፌውን ከማስቀመጣችሁ በፊት መስታወቱን አውጡት። ጠረጴዛው በ85 ሴንቲ ሜትሩ ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ወርዱን ግን ወደ 75 ዝቅ አድርጉት፣ ሲታጠፍ የመስኮቱን መጋረጃ እንዳይነካ። ሰሌዳውን አዲስ መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ የቡፌው የላይኛው ክፍል በሮች መስታወታቸው ሲወጣ ፍሬማቸው ይተርፋልና በእሱ ላይ ኮምፖርሳቶ አስመትቶ ጠረጴዛ ማድረግ ይቻላል። ለሥራው የምታመጡት ባለሙያ ከመጀመሩ በፊት ሶፋው ተዘርግቶ ይለካ፤ የጠረጴዛው ድጋፍ ከተዘረጋው ሶፋ ጋር እንዳይጋጭ ቦታውን ማየት የሚቻለው ያኔ ነው።