ከጅቡቲ የሚመጣ ቢጫ የሣጥን ዓሣ በ80 ሊትር አኳሪየም ይኖራል?

የሳቢያን መምህር
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ድሬ ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ 80 ሊትር የጨው ውኃ አኳሪየም እያዘጋጀን ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ 2 ሴ.ሜ. የሚሆን ቢጫ የሣጥን ዓሣ ከ4 ትናንሽ ዓሦች ጋር ልናስገባ አስበናል። ጨው ስንት ይግባ? ሙቀቱስ? አብረው ይስማማሉ?

ጀጎል
አቦ፣ ከጨው በፊት ዓሣውን እንወቀው። ይህ ቢጫ ግልገል ኦስትራሲዮን ኪዩቢከስ ነው፤ እስከ 45 ሴ.ሜ. ያድጋል። ከ500 ሊትር በታች አይታሰብም። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ያለው ዘመዱ ኦስትራሲዮን ሲያኑረስ 15 ሴ.ሜ. ላይ ይቆማል፤ እሱም ቢሆን ለ80 ሊትር ይበዛል።

ዋናው ችግር መርዙ ነው። ሲደነግጥ ወይም ሌላ ዓሣ ሲነክሰው ከቆዳው ልጋግ ጋር ኦስትራሲቶክሲን ይለቃል። ጠባዩ እንደ ሳሙና ነው፤ ስንጥብን ይጎዳል፣ ቀይ የደም ሕዋስን ያፈርሳል። በባሕር ውስጥ ቶሎ ይበተናል፤ በመስታወት ውስጥ ግን መሄጃ ስለሌለው ሌሎቹን ጨርሶ ራሱንም ይገድላል። በጉዞም ከሌላ ዓሣ ጋር በአንድ ላስቲክ ከታሸገ እንደዚያው ነው።

ከዚራ
ለጨዉ፦ በሊትር 35 ግራም፣ ለ80 ሊትር 2.8 ኪሎ። ለአኳሪየም የተዘጋጀ የባሕር ጨው ይሁን። የአፍዴራ ጨው የወጥ ጨው ነው፤ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ በባሕር ውኃ ልክ አይደለም። ዓሣ ከመግባቱ በፊት ማጣሪያው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይሥራ፤ ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ፣ አሞኒያን፣ የሚያጠፋው ባክቴሪያ ሳይለማ ዓሣ ከገባ አሞኒያው ይገድለዋል።

ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ነው፤ ድሬ ላይ የሚያስቸግረውም ይኼ ነው። በግንቦትና በሰኔ ክፍሉ ሲግል ውኃውም ይግላል፤ የሞቀ ውኃ ደግሞ ኦክስጅን ያንሰዋል። ክዳኑን አንስታችሁ በውኃው ፊት ላይ ቬንትሌተር አንፍሱበት፤ አየራችን ደረቅ ስለሆነ በደንብ ያቀዘቅዛል። የሚተነው ውኃው እንጂ ጨዉ ስላልሆነ የጎደለውን ጨው በሌለው የተጣራ ውኃ ሙሉ። መብራት ሲጠፋ የሚተካ የባትሪ አየር ፓምፕ ከሌለ ሥራውን አትጀምሩት።

የሳቢያን መምህር
እግዜር ይስጥልኝ። ሕያው የሣጥን ዓሣ ትተነዋል፤ የደረቀ ናሙና ግን አለን። ተማሪዎቹ ምኑን ይዩ?

ጀጎል
ደግ አደረጋችሁ። በመጀመሪያ ቆዳውን በአጉሊ መነጽር አሳዩዋቸው፤ ባለ ስድስት ጎን የአጥንት ሰሌዳዎች እንደ ማር እንጀራ ተገጣጥመዋል። ክፍት የሆነው ለአፍ፣ ለዓይን፣ ለስንጥብ፣ ለክንፎች፣ ለጅራትና ለፊንጢጣ ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ ወገቡ የማይተጣጠፍ ዓሣ በምን ይዋኛል? በዝግታ ሲሄድ የሚቀዝፈው በጀርባና በሆድ በኩል ባሉት ክንፎች ነው፤ ጅራቱን በኃይል የሚጠቀመው ሲሸሽ ነው።

መርሴዲስ ቤንዝ በ2005 እ.ኤ.አ. በዚህ ዓሣ ቅርጽ ባዮኒክ የተባለ የሙከራ መኪና ሠርቶ ነበር። ያኔ ቅርጹ ዓሣውን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል ይባል ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳየ። የሣጥኑ ቅርጽ ሚዛን ያስታል፤ በኮራል መሐል እንደ ልቡ የሚታጠፈውም ለዚሁ ነው።