ፓናል ላይ ተጋበዝኩ፤ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ልሂድ?

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኬፕክሌቭን የምታውቁ አላችሁ? እዚሁ ሜሪላንድ በየዓመቱ የሚደረግ የሳይንስ ፊክሽንና የፋንታሲ ጉባኤ ነው። አዘጋጁ የዋሽንግተን ሳይንስ ፊክሽን ማኅበር ሲሆን፣ በፈረንጆቹ ከ1947 ጀምሮ አለ። በእንግሊዝኛ ሁለት አጫጭር ታሪኮች አሳትሜያለሁ። ዘንድሮ «አርታኢ ሲቆርጥ፣ ደራሲ ሲከራከር» በሚል ፓናል ላይ ተቀመጪ አሉኝ። እኔ የማውቀው የአዲስ አበባውን ነው፦ አንዱ ጥናት ያነባል፣ ሌላው አስተያየት ይሰጣል፣ ከዚያ ሻይ። ጽሑፍ ላዘጋጅ? ደግሞ አጠገቤ የመጽሔት አርታኢ ይቀመጣል አሉ። ያለቀ ታሪክ በእጄ አለ፤ ባቀብለው ነውር ነው?

የዳር ወንበር፦
እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ወረቀቱን ቤት ተዪው፤ ፓናል ጥናት የሚነበብበት ሳይሆን እየተቀባበሉ የሚወያዩበት ነው። እንዲህ ያለ ፓናል ብዙ ጊዜ 50 ደቂቃ ገደማ ነው። አራት ከሆናችሁና 15 ደቂቃ ለታዳሚ ከተተወ፣ ላንቺ ዘጠኝ ደቂቃ አይሞላም። እሱም ተቆራርሶ። እኔ የመጀመሪያ ቀን «በቅድሚያ ለዚህ ላበቃኝ...» ብዬ ጀምሬ አወያይዋ ሰዓቷን ስታይ ነው ያቆምኩት። ስምሽንና ምን እንደምትጽፊ ተናገሪ፣ በቃ። ማይክ ካለም ያዢው። «ድምፄ ይሰማል» አትበዪ፤ ጆሮው የደከመ ሰው ከኋላ ሆኖ «አልሰማሁም» ለማለት ያፍራል።

ባለ ቀይ እስክሪብቶ፦
አርታኢ ነኝ። እባክሽ አታቀብዪ! የሽንት ቤት ሰልፍ ላይ ረቂቅ የሰጠኝ ሰው አለ፤ የት እንደጣልኩት እንኳ አላስታውስም። «አሁን ጽሑፍ ትቀበላላችሁ?» ብለሽ ጠይቂና እንደ ሁሉም ሰው በመጽሔቱ ገጽ ላኪ። በሩ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ክላርክስወርልድ የተባለው የሳይንስ ፊክሽን መጽሔት በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2023 በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የተጻፈ ታሪክ ቢጎርፍበት ለጊዜው መቀበል አቁሞ ነበር።

ይዘሽ የምትሄጂው አንድ አንቀጽ ይሁን፤ ከእርማት በፊትና በኋላ ያለውን። አንዷ ደራሲዬ «ጠጅ» ብላ ጻፈች። ጠርዙ ላይ «አንባቢ አያውቀውም፣ አብራሪ» አልኩ። «ልጅቷ እናቷ ስትጥል እያየች ያደገች ናት፤ ለማን ብላ ታብራራለች?» አለችኝ። ተሸነፍኩ። ማብራሪያው ቀርቶ ብርሌው አፍ ላይ የተጣበቀች ንብ ገባች። ታዳሚው የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው።

ተርጓሚዋ፦
ምሳሌው ግሩም ነው፤ ግን የአርታኢሽን ማስታወሻ ጮክ ብለሽ ከማንበብሽ በፊት ፈቃዱን ጠይቂ። ሌላው፣ «በኢትዮጵያ ሰው ስለዚህ ምን ያስባል?» መባልሽ አይቀርም። የመላው አገር ቃል አቀባይ አትሁኚ። ወደ አንቀጽሽ ተመለሺ። ስለ አፍሪካ ጸሐፊዎች ከጠየቁሽ ኦሜናናን ጥሪላቸው፤ በፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ የአህጉሩን ምናባዊ ታሪኮች የሚያወጣ መጽሔት ነው።

ጠያቂዋ፦
ኑሩልኝ። አወያዩ ትናንት ኢሜይል ጻፈልን፤ እያንዳንዳችን የማንስማማበትን አንድ ነጥብ እንድንልክ። የእኔ «ጉልት» በሚለው ቃል ላይ ተነስቶ የነበረው ክርክር ነው። አርታኢዬ «ገበያ» አድርጊው አለችኝ፣ እኔ እምቢ። እስካሁን ማን ልክ እንደነበር አላውቅም።

የዳር ወንበር፦
እሱኑ እንዳለ ተናገሪው። ቦታው ሮክቪል ከሆነ ደግሞ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሮክቪልም በአንድ የሜትሮ ባቡር መስመር፣ በሬድ ላይን፣ ላይ ናቸው ብለሽ በባቡር እንዳትወጪ፤ ዲሲን ዞሮ ነው የሚያደርስሽ። መኪና ያለው ሰው ለምኚ።