እናቴ ሆዷን ተከፍታ ጄሪካን አነሳች፣ ጠባሳው ጋ እብጠት ወጣ! እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ

የታቦር ልጅ (ጠያቂ)፦ ያለነው ሀዋሳ ነው። እናቴ አንጀቷ ተጠማዞ በድንገት ነበር ኦፕራሲዮን የሆነችው። ክሩ ወጥቷል፣ ቁስሉም ደርቋል። ዛሬ ጠዋት ውኃ መጣ ሲባል ባለ 20 ሊትሩን ጄሪካን ሞልታ ተሸክማ ገባች። አሁን ስታስል ከእምብርቷ በላይ፣ ጠባሳው ጎን፣ ሎሚ የሚያህል ነገር ብቅ ይላል። ጋደም ስትል ይጠፋል። የሆድ ቀበቶ ልግዛላት? የትኛው ይሻላል?

እመ ቤት፦ እግዜር ይማርልህ። ቀበቶ ግዛላቸው። እኔ በኦፕራሲዮን ስወልድ አስሬ ነበር፣ ምንም አልሆንኩም።

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ ከቀበቶው በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። ከኦፕራሲዮን የተነሳች እናት ጄሪካን የምታነሳው ቤት ውስጥ ሰው ጠፍቶ ነው? እናቶቻችን ተቀመጡ ቢባሉም አይቀመጡም። ጄሪካኑን ቀድሞ መሙላት የልጅ ፋንታ ነው።

የታቦር ልጅ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ሥራ ገብቼ ነበር። አሁን ምን ላድርግ?

ባጃጁ፦ ቡአ የወንድ በሽታ አይደል እንዴ? ሴት ላይ ሰምቼ አላውቅም። ጋዝ ይሆናል፣ ዝንጅብል አፍላላት።

ነርሷ፦ ወንድሜ ባጃጁ፣ ይሄ ሌላ ነው። የተሰፋው ቦታ ሲላላ አንጀት ወይም ሞራ የሚወጣበት ቡአ ነው። ሴትም ወንድም ይይዛል። የታቦር ልጅ፣ ሁለት ነገር ንገረኝ። ከኦፕራሲዮኑ ስንት ጊዜ ሆነ? ቁስሉ መግል ይዞ ነበር?

የታቦር ልጅ፦ 5 ሳምንት። አዎ፣ መግል ነበረው፣ ለብዙ ቀን ሲታጠብ ነበር። ለካ ይሄም ያገባዋል?

ነርሷ፦ በጣም እንጂ። ቁስል ሲያመግል የውስጡ ስፌት ይደክማል። ቆዳ ቶሎ ይደርቃል፣ ከሥሩ ያለው ጠንካራ ሽፋን ግን ወራት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ቢያንስ 6 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አታንሺ የሚባለው። ጄሪካኑ 20 ኪሎ ነው። ሳልና ሆድ ድርቀትም ይጎዳሉ። ስትስል ትራስ አጥፋ ጠባሳው ላይ ትደግፍ። ከአልጋ ስትነሳ ጉልበቷን አጥፋ በጎን ትዙር፣ በእጇ ተደግፋ ትቀመጥ። ቀጥ ብላ አትነሳ። ውኃ ትጠጣ፣ ፓፓያ ትብላ፣ ሽንት ቤት አታምጥ። ከጭስ ትራቅ። ስኳር ካለባት በደንብ ትከታተል።

እመ ቤት፦ ቀበቶውስ? እኔ ጠቅሞኛል አልኩ እኮ።

ነርሷ፦ ሕመም ያስታግሳል፣ ለመራመድም ድፍረት ይሰጣል። ቡአን እንደሚከላከል ግን አልተረጋገጠም። የወጣውንም አይደፍነውም።

ሰፈርተኛ፦ ሐኪሙ ነው በደንብ ያልሰፋት።

ነርሷ፦ ስፌት ዋጋ አለው። ትንንሽና ጠጋ ጠጋ ያለ ይመረጣል፣ የገባው ክርም ቢያንስ የቁስሉን ርዝመት 4 እጥፍ መሆን አለበት። ግን እዚህ ተቀምጠን እገሌን መውቀስ አንችልም። የታቦር ልጅ፣ በዚህ ሳምንት ለቀዶ ሐኪሟ አሳያት። እብጠቱ ጠንክሮ አልመለስ ካለ፣ ካመማት፣ ካስመለሳት ወይም ፈስና ሰገራ ከከለከላት ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት። በእጅህ ገፍተህ ለመመለስ አትታገል። የተያዘ አንጀት ደም ያጣል።

ባጃጁ፦ ይቅርታ፣ ዝንጅብሉን ተወው። አቶቴ አካባቢ ነኝ፣ ሌሊት ባጃጅ ካስፈለጋችሁ እዚሁ ጻፍ፣ በነፃ አደርሳችኋለሁ። ኮብልስቶኑን ትቼ በአስፋልቱ ነው የማመጣት።

እመ ቤት፦ ቀበቶውን ቢያንስ ለመንገዱ እሰርላቸው።

ጋሽ መምህር፦ የታቦር ልጅ፣ አለህ? እናትህ እንዴት አደሩ?