ወንድሜ ሥራ ቢጀምር የዲሴብሊቲ ቼኩ ይቆማል ወይ?

ጠያቂ (አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ሰላም ቤተሰብ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። ወንድሜ 36 ዓመቱ ነው፣ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር፣ የሚጥል በሽታው ሲብስበት አቆመና ይኸው 3 ዓመቱ ኤስኤስዲአይ (ሠርቶ ታክስ ለከፈለና በሕመም ሥራ ላቆመ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ የሚሰጠው ክፍያ) እየተከፈለው ነው። አሁን መድኃኒቱ ይዞለታል፣ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ዩቲዩብ ማየት ሰለቸኝ ይላል፣ ግን ቼኩና ሜዲኬሩ (የመንግሥት የጤና መድኅኑ) እንዳይቀርበት ፈርቷል።

የማታ ሺፍት፦ በሳምንት ከ20 ሰዓት በታች ከሆነ ምንም አይሉትም፣ ዝም ብሎ ይጀምር።

አባ መላ፦ ኧረ ሰው ታስጨርሳላችሁ! ተቀጣሪ ከሆነ የሚታየው ሰዓቱ ሳይሆን ታክስ ሳይቆረጥ ያለው ክፍያ ነው። እህቴ፣ 9 የሙከራ ወር አለው፣ በነዚህ ወራት የፈለገውን ያህል ቢያገኝ ቼኩ ሙሉው ይገባል። ከተወሰነ ገቢ በላይ (በ2025 1,160 ዶላር ነበር) ያገኘበት ወር አንድ ተብሎ ይቆጠራል፣ ተከታታይ መሆን የለበትም፣ በ5 ዓመት ውስጥ ያለው ነው የሚደመረው። ከዚያ በኋላ የወር ገቢው ሌላውን ገደብ (በ2025 1,620 ዶላር ነበር) ማለፍ ሲጀምር ነው ቼኩ የሚያሰጋው፣ ሜዲኬሩ ግን ከሙከራው በኋላ ቢያንስ 93 ወር ይቆያል። ብቻ ደሞዙን በየወሩ ለሶሻል ሴኩሪቲ ሪፖርት ያድርግ። እኔ ፔይስታቤን (የደሞዝ ወረቀቴን) መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ረስቼው በትርፍ የተከፈለህን ገንዘብ መልስ የሚል ደብዳቤ መጣብኝ፣ እስካሁን እየከፈልኩ ነው።

የልጆች እናት፦ ዳርስ የሚባለው፣ የአካል ጉዳት ወይም ሕመም ያለበትን ሰው ሥራ እንዲይዝ የሚረዳው የቨርጂኒያ ቢሮ ውሰጂው (ሜሪላንድ ዶርስ ነው)። ኤስኤስዲአይ ስለሚከፈለው አብዛኛውን ጊዜ ብቁ አይደለህም ብለው አይመልሱትም። አስተርጓሚ በነፃ ነው፣ እንግሊዝኛ ይችላል ብለሽ ልጅሽን አስተርጓሚ አድርገሽ እንዳታስቀምጪ። የኔ ልጅ ኦቲዝም አለበት፣ ሱፐርማርኬት ሥራ ሲገባ ጆብ ኮች (ሥራ የሚያለማምድ ሰው) ሰጡት፣ ሰውየው መጀመሪያ ሰሞን ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ቆሞ፣ የየሼልፉን ፎቶ አንስቶ ካርቶን ላይ ለጥፎለት እያየ እንዲደረድር አለማመደው፣ አሁን አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ቲኬት ቱ ወርክ የሚባለውንም የሶሻል ሴኩሪቲ የሥራ ድጋፍ ፕሮግራም ጠይቂ፣ ከ18 እስከ 64 ዓመት ላለ ነው፣ አይከፈልበትም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። መንዳት ስለተከለከለ መኪና ማቆም አይችልም፣ ትኬት የሚቆረጥባት ቡዝ ውስጥ ቢቀመጥስ?

አባ መላ፦ ብቻውን ከሆነ አይሆንም፣ ቢጥለው ማን ያየዋል? ሰው ያለበት ቦታ፣ መሰላል የሌለበት፣ የማታ ሺፍት ያልሆነ ብላችሁ ለኮቹ መጀመሪያ ቀን ንገሩት።

የማታ ሺፍት፦ እኔን ነው? 😂 ይቅርታ እህቴ፣ የ20 ሰዓቱን ነገር ከሰው ሰምቼ ነው።