ኡቡንቱ 24.04፦ የኤንቪዲያ ድራይቨር ተጭኗል ግን አይነሳም፣ በኤችዲኤምአይ የተሰካው ሞኒተርም ባዶ ነው

ሰላም_ዲዛይን

ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፑ ሁለት ግራፊክስ አለው፤ አንዱ ከኢንቴል ፕሮሰሰሩ ጋር ያለው፣ ሌላው ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1650። ከዊንዶውስ 11 ጎን ኡቡንቱ 24.04 ተጭኖበታል፣ ሴኪዩር ቡት (ሲነሳ ያልታወቀ ፊርማ ያለውን ሶፍትዌር የሚያግደው) እንደበራ ነው። ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ላይ፣ ሳይክልስ በተባለው የምስል መሥሪያው ሬንደር ለማድረግ የኤንቪዲያውን ካርድ ማሠራት እፈልጋለሁ።

"አዲሽናል ድራይቨርስ" ከሚለው መስኮት 535ን መርጬ ጫንኩ። በመሀል አዲስ ፓስወርድ አስገቢ አለኝ፣ አስገባሁ። ሪስታርት ሲያደርግ ሰማያዊ ስክሪን ለአፍታ ታየና ወደ ኡቡንቱ አለፈ። አሁን ያለው ይህ ነው፦

ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ → ከድራይቨሩ ጋር መገናኘት አልቻልኩም ይላል
ሱዶ ሞድፕሮብ ኤንቪዲያ → "ኪይ ዋዝ ሪጀክትድ ባይ ሰርቪስ"
ዲኬኤምኤስ ስታተስ → ኤንቪዲያ 535፣ "ኢንስቶልድ"

የላፕቶፑ ስክሪን ደህና ነው፤ በኤችዲኤምአይ የሚሰካው ሞኒተር ግን "ኖ ሲግናል" ይላል። ብሌንደርም ኩዳ (በኤንቪዲያ ካርድ ስሌት ማሠሪያው) ላይ ምንም ካርድ አያሳይም። ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ የ.ረን ጫኚ ፋይሉን ላውርድ? ወይስ ኤንቪዲያ-ኤክስኮንፊግ የሚባለውን የስክሪን ቅንብር ፕሮግራም ልጠቀም? ኢንተርኔቴ የሞባይል ዳታ ስለሆነ በከንቱ ማውረድ አልፈልግም።

---

ከርነል_ጠባቂ

ሰላም እህቴ። የ.ረን ፋይሉን አታውርጂ፣ ኤክስኮንፊጉንም ለጊዜው አትንኪው። ድራይቨርሽ በትክክል ተጭኗል፤ የቀረው ፊርማው መታወቁ ብቻ ነው፣ ለዚህ ደግሞ አንድ ሜጋባይትም አታወርጂም።

የሆነው እንዲህ ነው። ዲኬኤምኤስ የሚባለው መሣሪያ የኤንቪዲያን ሞጁል (ከርነል ውስጥ የሚገባውን የድራይቨሩን ክፍል) ማሽንሽ ላይ ለከርነልሽ፣ ማለትም ለሲስተሙ እምብርት፣ ገንብቶ፣ እዚያው በተፈጠረ ቁልፍ ፈርሞበታል። ሴኪዩር ቡት ሲበራ ከርነሉ የማያውቀው ቁልፍ የፈረመበትን ሞጁል አያስገባም። ያ ሰማያዊ ስክሪን ሞክ ማኔጀር ይባላል፤ ቁልፉ የሚመዘገበው እዚያ ላይ ነው። 10 ሰከንድ ያህል ጠብቆ ማንም ካልነካው ያልፋል፤ ካለፈ ደግሞ ጥያቄው ተሰርዟልና በሚቀጥለው ሪስታርት ራሱ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ እንደገና አቅርቢው፦

ሱዶ ሞክዩቲል --ኢምፖርት /ቫር/ሊብ/ሺም-ሳይንድ/ሞክ/ሞክ.ደር

ፓስወርድ ሁለቴ ይጠይቃል። ይህ የመግቢያ ፓስወርድሽ አይደለም፣ ለሚቀጥለው አንድ ሪስታርት ብቻ የሚያገለግል ነው። ከ8 እስከ 16 ፊደል አድርጊው። የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ መልሺው፤ ሰማያዊው ስክሪን የሚያውቀው የአሜሪካን ኪቦርድ አቀማመጥ ብቻ ነው። ልዩ ምልክቶችን ትተሽ በትናንሽ ፊደላትና በቁጥር ብትሠሪው ይሻላል፣ ምክንያቱም እዚያ ስትጽፊ ምንም አይታይሽም። ከዚያ፦

ሞክዩቲል --ሊስት-ኒው

ይህ ቁልፉን ካሳየሽ ጥያቄው ተይዟል ማለት ነው። ሪስታርት አድርጊ፤ ሰማያዊው ሲመጣ ወዲያው ማንኛውንም ቁልፍ ተጫኚ። "ኢንሮል ሞክ"፣ ቀጥሎ "ኮንቲኒው"፣ ቀጥሎ "የስ"፣ ከዚያ ፓስወርዱ፣ በመጨረሻ "ሪቡት"። ከዝርዝሩ ላይ "ኮንቲኒው ቡት" የሚለውን ከመረጥሽ ሳይመዘገብ ያልፋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሰማያዊው ጭራሽ ካልመጣ ባዮስ ውስጥ ገብተሽ የቡት ቅደም ተከተሉን እዪ። የመጀመሪያው "ኡቡንቱ" የሚለው መሆን አለበት። "ፋስት ቡት" የሚባለው በርቶ ከሆነም አጥፊው፤ አንዳንድ ማሽን ላይ ኪቦርዱ በጊዜው እንዳይነቃ ያደርጋል።

ስትመለሺ ሁለት ነገር አረጋግጪ። ኤልኤስፒሲአይን በ-ኬ ስትጠሪው ከኤንቪዲያው ካርድ ሥር "ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ" በሚለው መስመር ላይ "ኤንቪዲያ" ይላል። ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ ደግሞ የካርዱን ስም፣ ሙቀቱንና 4 ጊጋባይት ሜሞሪውን በሰንጠረዥ ያሳያል።

---

ፈጣን_ጣት

ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? ባዮስ ገብተሽ ሴኪዩር ቡትን አጥፊው፣ አለቀ።

---

ከርነል_ጠባቂ

ሞጁሉ ይነሳል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ማሽኑ ላይ ዊንዶውስ 11 አለ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የዊንዶውሱ ክፍል በቢትሎከር ተመስጥሮ ነው የሚመጣው፣ ባለቤቱም ላያውቀው ይችላል። ሴኪዩር ቡት ሲቀየር ዊንዶውስ ባለ 48 አኃዝ ሪከቨሪ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ቁልፉ የሌለው ሰው ዊንዶውሱ ላይ ያለ ፋይሉን ማግኘት አይችልም። ላጥፋ ብለሽ ከወሰንሽ እንኳ መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ ገብተሽ ቁልፉን በወረቀት ጻፊው። በሁለት ደቂቃ ምዝገባ ለሚያልቅ ነገር ይህን አደጋ መግባት ተገቢ አይመስለኝም።

---

ፒክስል

የፊርማው ነገር ከላይ እንደተባለው ነው። አዲስ ለሚጭን ሰው ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። የኡቡንቱ አሳታሚ ካኖኒካል ራሱ ገንብቶ የፈረመባቸው የኤንቪዲያ ሞጁሎች በኡቡንቱ ማከማቻ ውስጥ አሉ፤ ስማቸው "ሊኑክስ-ሞጁልስ-ኤንቪዲያ" ብሎ ይጀምርና የድራይቨሩ ቁጥርና የከርነሉ ዓይነት ይከተላል። የካኖኒካልን ፊርማ ከርነሉ ስለሚያውቀው ሰማያዊ ስክሪንም፣ ማሽኑ ላይ መገንባትም የለም። በተርሚናል፦

ሱዶ ኡቡንቱ-ድራይቨርስ ኢንስቶል

ሲባል ለካርዱ የሚመከረውን ቁጥር ይመርጣል፣ የተፈረመ ሞጁል ካለም እሱን ያመጣል። አንቺ ግን ዲኬኤምኤሱ አስቀድሞ ስላለሽ፣ ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ከማውረድ ቁልፉን መመዝገቡ ይቀላል።

አሁን ወደ ኤችዲኤምአዩ። ገመዱን አትጠርጥሪ። ሁለት ግራፊክስ ባላቸው ብዙ ላፕቶፖች የራሱ ስክሪን ከኢንቴሉ ጋር፣ የኤችዲኤምአይ ሶኬቱ ግን በቀጥታ ከኤንቪዲያው ጋር ነው የተገናኘው። የኤንቪዲያ ፓኬጅ ሲጫን ኑቮን፣ ማለትም ከከርነሉ ጋር የሚመጣውን ነፃ ድራይቨር፣ እንዳይነሳ ያግደዋል። የራሱ ሞጁል ደግሞ በፊርማው ምክንያት አልገባም። ስለዚህ ካርዱን የያዘው ማንም የለም፣ ሶኬቱም ሞቷል። ሞጁሉ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። የትኛው ሶኬት የማን እንደሆነ ለማየት፦

ኤልኤስ /ሲስ/ክላስ/ዲአርኤም

"ኢዲፒ" የላፕቶፑ ስክሪን ነው፣ "ኤችዲኤምአይ-ኤ" የውጭው ሶኬት። የፊታቸው የካርድ ቁጥር ከተለያየ ሁለቱ በተለያየ ካርድ ላይ ናቸው።

ኤንቪዲያ-ኤክስኮንፊግ የማይመከርልሽም በዚሁ ምክንያት ነው። ያ ፕሮግራም የሚመቸው ስክሪኑ በቀጥታ ከኤንቪዲያው ጋር ለተገናኘ ማሽን ነው። ኤክስኦርግ.ኮንፍ የሚባል ፋይል ጽፎ "ስክሪኑ የኤንቪዲያው ነው" ይላል፤ የላፕቶፑ ስክሪን ግን ከኤንቪዲያው ጋር አልተገናኘም። ውጤቱ ጥቁር ስክሪን ነው፣ ሎጉም ላይ "ኖ ስክሪንስ ፋውንድ" ይጻፋል። የሠራው ሰው ካለ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3 ተጭኖ በጽሑፍ ተርሚናል ይግባና፦

ሱዶ ኤምቪ /ኢቲሲ/ኤክስ11/ኤክስኦርግ.ኮንፍ /ኢቲሲ/ኤክስ11/ኤክስኦርግ.ኮንፍ.አሮጌ

ብሎ ሪስታርት ያድርግ። ፋይሉ ባይኖር ሲስተሙ ሁለቱንም ካርድ ራሱ ያገኛቸዋል።

ሁለቱ ካርዶች እንዴት ይካፈሉ ለሚለው፦

ሱዶ ፕራይም-ሴሌክት ኦን-ዲማንድ

እና ሪስታርት። ዴስክቶፑ በኢንቴሉ ይሄዳል፣ ባትሪም ይቆጥባል፤ ኤንቪዲያው ሲጠራ ብቻ ይሠራል። ለሳይክልስ ይህ ይበቃል፣ ምክንያቱም ኩዳ በቀጥታ ካርዱን ስለሚጠራ ብሌንደርን በየትኛውም ካርድ ብትከፍቺው ያገኘዋል። "ፕሪፈረንስስ"፣ "ሲስተም"፣ ከዚያ "ሳይክልስ ሬንደር ዲቫይስስ" ውስጥ ኩዳን ምረጪና ካርዱ ላይ ምልክት አድርጊ። ጂቲኤክስ 1650 የሬይ ትሬሲንግ ሃርድዌር ስለሌለው ኦፕቲክስ ከሚባለው ሌላው የኤንቪዲያ አማራጭ ብዙ ትርፍ አትጠብቂ። የሚያስቸግርሽ ሜሞሪው ነው፦ 4 ጊጋባይት በትላልቅ ቴክስቸር ቶሎ ይሞላና ሬንደሩ "አውት ኦፍ ሜሞሪ" ብሎ ይቆማል። ቴክስቸሮቹን ከ4ኬ ወደ 2ኬ ማውረድ ለእያንዳንዳቸው የሚያስፈልገውን ቦታ ወደ ሩብ ያወርደዋል።

ቪውፖርቱም (ሞዴሉን እያየሽ የምትሠሪበት መስኮት) በኤንቪዲያው እንዲሆን ከፈለግሽ የብሌንደርን ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርገሽ "ላውንች ዩዚንግ ዲስክሪት ግራፊክስ ካርድ" የሚለውን ምረጪ።

---

ሰላም_ዲዛይን

ወንድሞቼ እግዜር ይስጥልኝ። ቁልፉ ተመዝግቧል፤ ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ ሰንጠረዡን ያሳያል፣ ሞኒተሩም መጥቷል፣ ብሌንደር ካርዱን አግኝቶታል። አንድ የቀረ ነገር አለ፦ በውጭው ሞኒተር ላይ አንዳንድ ፕሮግራሞች መስኮታቸው ብልጭ ድርግም ይላል፣ አንዳንዴም ያለፈው ምስል ተመልሶ ይታያል። የላፕቶፑ ስክሪን ላይ ይህ የለም። የዴስክቶፑን የማሳያ ሥርዓት የሚነግረው "ኤክስዲጂ ሴሽን ታይፕ" ዌይላንድ ይላል።

---

ፒክስል

ይህ የታወቀ ነው። ዌይላንድ ላይ ሆነው በኤክስዌይላንድ (ለእነሱ በተሠራ ድልድይ) በኩል የሚሠሩ የቆዩ ፕሮግራሞች፣ ካርዱ ምስሉን ሠርቶ ሳይጨርስ መስኮታቸው ይታያል። ይህን የሚያስተካክለው ኤክስፕሊሲት ሲንክ የሚባለው ነገር ነው፤ ኤንቪዲያ የጨመረው በ2024 ከወጣው 555 ጀምሮ ነውና 535 ላይ የለም።

ዳታ ሳታወጪ፦ ሎግ አውት አድርጊ፤ ስምሽን ከመረጥሽ በኋላ ከታች በቀኝ ያለውን የጥርሳማ ጎማ (ጊር) ምልክት ንኪና "ኡቡንቱ ኦን ኤክስኦርግ" የሚለውን፣ ማለትም የቆየውን የማሳያ ሥርዓት፣ ምረጪ። ለብሌንደር ሥራ ምንም አያጎድልብሽም።

ዌይላንድ ላይ መቆየት ከፈለግሽ ደህና ኢንተርኔት ባለበት ወደ 570 ወይም 580 ከፍ በዪ፤ ሁለቱም በ24.04 ማከማቻ አሉ። መጨረሻው ላይ "ኦፕን" የሚለውም ለካርድሽ ይሠራል፣ ከቱሪንግ ትውልድ ጀምሮ ነውና። ጂቲኤክስ 1050 ወይም 1060 ያለው ሰው ግን ኦፕን የሚለውን እንዳይመርጥ፤ እነዚህ የፓስካል ትውልድ ካርዶች ናቸው፣ በእሱ አይነሱም። ከቀየርሽ በኋላ፦

ካት /ሲስ/ሞጁል/ኤንቪዲያ_ዲአርኤም/ፓራሜተርስ/ሞድሴት

ሱዶ አስቀድመሽበት ስትጠሪው "ዋይ" መመለስ አለበት። "ኤን" ከሆነ ዌይላንድ በዚያ ካርድ ላይ በወጉ አይሄድም።

---

ከርነል_ጠባቂ

ለሚቀጥለው አፕዴት ሁለት ነገር ልጨምር። ዲኬኤምኤስ ለአዲስ ከርነል ሞጁል የሚገነባው የዚያ ከርነል ሄደር ፋይሎች ካሉ ብቻ ነው። ዩኔም በ-አር ስትጠሪው 6.8 ካለ "ሊኑክስ-ሄደርስ-ጀነሪክ"፣ ከዚያ በላይ ከሆነ "ሊኑክስ-ሄደርስ-ጀነሪክ-ኤችደብልዩኢ-24.04" የሚለው ፓኬጅ መጫኑን አረጋግጪ። ዲኬኤምኤስ ስታተስ ለአዲሱ ከርነል "ኢንስቶልድ" ሳይል "አዴድ" ላይ ከቀረ ግንባታው አልተሳካም፤ ምክንያቱ /ቫር/ሊብ/ዲኬኤምኤስ/ኤንቪዲያ ሥር ባለው ሜክ.ሎግ ውስጥ ይገኛል። እስኪስተካከል ድረስ ሲነሳ በሚመጣው የግራብ ዝርዝር ላይ "አድቫንስድ ኦፕሽንስ" ገብተሽ በቀድሞው ከርነል ተነሺ።

ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ አንድ ቀን "ድራይቨር ላይብረሪ ቨርዥን ሚስማች" ቢልሽ ምንም አልተበላሸም፦ አፕዴቱ ላይብረሪውን ቀይሮ የድሮው ሞጁል አሁንም ሜሞሪ ውስጥ ስላለ ነው፣ ሪስታርት ይበቃል። በጭነት መሀል መብራት ወይም ባትሪ ከተቋረጠ ደግሞ ሌላ ነገር ከመሞከርሽ በፊት ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ፣ ቀጥሎ ሱዶ አፕት ኢንስቶል -ኤፍ። ሁለቱም ከጨረሱ በኋላ ብቻ ሪስታርት አድርጊ።