የዕቅድ ውይይት፦ የፊደል ማረሚያው የጋራ ማመልከቻ፣ የሚናዎች ክፍል

ከዚራ፦ ረቂቁ ማክሰኞ ይሄዳል። ገንዘቡ የሚጠየቀው በሃንስፔል፣ በክፍት ምንጭ ፊደል አራሚው ፕሮግራም፣ የሚሠራውን ማረሚያ ለሚጠብቁ ሁለት ሰዎች አበል ነው፤ ሌላ ነገር አትጨምሩበት። ኮዱ በተቀመጠበት ድረ ገጽ፣ በጊትሃብ፣ ጥቆማ ለሚያጣራ «ትሪያጅ» የሚባለው ፈቃድ ይበቃዋል፤ ኮድ ሳይነካ ጥቆማው ላይ መለያ ይለጥፋል፣ ጥቆማ ይዘጋል። ለገምጋሚ ኮድ መቀየር የሚያስችለው «ራይት»፣ ለጠባቂ ማከማቻውን ማስተዳደር የሚያስችለው «ሜንቴይን»። ቃል ለቃሚ ግን ፋይል በቀጥታ አይጫን። የቃላት ፋይሉ የመጀመሪያ መስመር የቃል ብዛት ነው፤ ቁጥሩ ተሰርዞ ቃል ከገባበት መዝገቡ አይጫንም።

ጀጎል፦ ሽፋኑ ላይ የሐረር ልጆች ስም ለምን ታች ወረደ?

ደቻቱ፦ በኮሚት፣ ማለትም በየሰው ስም በተመዘገበው የለውጥ ብዛት ነው። የለውጥ መዝጋቢው የጊት ትእዛዝ፣ «ሾርትሎግ»፣ ያወጣውን የስም ዝርዝር ነው የገለበጥነው።

ጀጎል፦ ኮሚት ምኑን ይለካል? በስኩዋሽ፣ ማለትም ተጨምቆ፣ ሲዋሃድ ሃያው ኮሚት አንድ ይሆናል። እኛ የለቀምነው በኤክሴል ተልኮ ሌላ ሰው ጫነው፣ በጫነው ሰው ስም ተመዘገበ።

ሳቢያን፦ ኧረ አቦ! በሀ ሁ ተራ አድርጉትና ይለቅ።

ደቻቱ፦ በሀ ሁ ከሆነ ስሜን አውጡት። የቅጥያ ሕጎቹን ማን ጻፈ? «ቤት» ሲበዛ «ት» ወጥቶ «ቶች» ይገባል፤ ለእያንዳንዱ ሳድስ የራሱ መስመር ተጽፏል። ይሄ ከቃል ለቀማ እኩል ነው?

ጀጎል፦ ቃል ከሌለ ሕግህ ምን ላይ ሊሠራ ነው? እንግዲያው ሐረር ለብቻዋ ታመልክት።

ለገሃሬ፦ ተዉ እንጂ! ፋይል መጭመቂያው ኤክስዜድ ዩቲልስ እ.ኤ.አ. በ2024 ምን ሆነ? ጠባቂው አንድ ሰው ነበር፤ ሲደክመው አጋዥ መስሎ የቀረበው ፈቃድ አገኘና በ5.6.0 እና በ5.6.1 ቅጂዎች የጀርባ በር፣ ሥውር መግቢያ፣ አስገባ። እኛም ጋ አዲስ ቅጂ መልቀቅ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው። ረቂቁ ውስጥ ተተኪ የሚል መስመር የለም።

ከዚራ፦ ይገባል። በጀቱን እሠራለሁ ያለው መጋላስ?

ሳቢያን፦ ስልኩ ዝግ ነው።

ደቻቱ፦ እሺ፣ ሀ ሁ ይሁን። ግን ከስሙ ጎን ሚናው ይጻፍ። በኤክሴል ያቀበሉትም ከእንግዲህ ኮሚቱ ግርጌ «ኮ-ኦተርድ-ባይ» (አብሮ የሠራ) ተብሎ ስማቸው ይግባ።

ጀጎል፦ እንዲህ ከሆነ ተስማምተናል። ሚና ከተጻፈ የምስክር ወረቀትም ይኑር። ርክክቡ ሐረር ላይ፣ አዳራሽ ተይዞ፣ ከነምሳው።

ከዚራ፦ ከየት መጥቶ?

ሳቢያን፦ አንዱ አበል ይቅር፤ ሁለተኛው ሰው ለጊዜው በነፃ ያግዝ። የኅትመት ዋጋ እኔ ነገ አመጣለሁ። ማኅተሙ ማን ጋ ነው?

ለገሃሬ፦ የተተኪው መስመርስ?

ጀጎል፦ ማኅተሙ እኔ ጋ ነው። ወረቀቱ ባለ ቀለም ይሁን።