የመጽሐፍ ዳሰሳ ብሎጌ ሦስት ወር ዝም አለ፤ ጊዜ ከየት ላምጣ?

ጠያቂዋ፣ ከኮየ ፈጬ

ሰላም ቤተሰብ። ምክር ፈልጌ ነው። ያነበብኳቸውን መጻሕፍት የምዳስስበት ትንሽ ብሎግ አለኝ። በ2013 ስጀምር በየሳምንቱ ሐሙስ አንድ ዳሰሳ አወጣ ነበር። ያኔ ላጤ ነበርኩ፤ ከቤቴ እስከ ሥራ ቦታዬ በእግር አሥር ደቂቃ ነበር። አሁን የስምንት ወር ልጅ አለችኝ። ባንክ ነው የምሠራው፤ ቤታችን ደግሞ ኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየም። ጠዋት 12 ሰዓት እወጣለሁ፤ ማታ ስገባ አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል። ልጄ እስክትተኛ ሦስት ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ላፕቶፕ ከፍቼ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳልጨርስ ዓይኔ ይከደናል።

ማንበቡን አላቆምኩም። ታክሲ ውስጥ አነባለሁ። ግን ጨርሼ ልጽፍ ስቀመጥ ያነበብኩት ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። እንደገና ላገላብጠው ጊዜ የለኝም። በዚያ ላይ ሁለት ጀማሪ ደራሲዎች «እስቲ እዪልን» ብለው መጽሐፋቸውን ሰጥተውኛል። እነሱን ባሰብኩ ቁጥር ይጨንቀኛል።

ብሎጉን መዝጋት አልፈልግም። ከ90 በላይ ዳሰሳ አለው፤ እወደዋለሁ። እንደ እኔ ጊዜ አጥሮት የሚጽፍ ሰው ካለ፣ እንዴት እንደሚያደርግ ቢነግረኝ።

መምህሩ፣ ከደሴ

እህቴ፣ ልጅሽን እግዜር ያሳድግልሽ።

ከጻፍሽው አንድ ነገር ያዝኩ። ያጠረሽ የመጻፊያ ጊዜ ብቻ አይደለም። ስታነቢ ምንም ምልክት ስለማትተዪ አንዱን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ እየሠራሽው ነው። እኔ ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተምራለሁ። የአምስት ክፍል ተማሪ ደብተር ሳርም ነው የምውለው፤ የድካምሽ ነገር ይገባኛል።

የማደርገው ይኸው። ከመጽሐፉ መጨረሻ ባዶ ገጽ አለ አይደል? እዚያ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። የገጽ ቁጥርና ሦስት አራት ቃል፤ ከዚያ አይበልጥም። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ካለው ልቦለድ ልገልብጥልሽ። «41፦ እናትየዋ ዋሸች።» «77፦ የገበያው ቀን፣ በጣም ያምራል።» «112፦ ልጁ ለምን ዝም አለ?» «ከ113 እስከ 150 አሰለቸኝ።» «188፦ የገጽ 41 ውሸት ተመልሶ መጣ።»

መጽሐፉ ሲያልቅ አሥር አሥራ ሁለት መስመር ይኖረኛል። ሦስቱን እመርጣለሁ። እዚህ 41ን፣ 112ንና 188ን አያያዝኳቸው። ያኔ የምጽፈው ታወቀ፤ አንድ ውሸትና አንድ ዝምታ ቤቱን እንዴት እንዳፈረሱት። የቀረው ማስፋት ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይበቃዋል። ያሰለቸኝንም ገጽ እጽፈዋለሁ፤ አንባቢ ይህን ማወቅ አለበት። መጽሐፉ የውሰት ከሆነ ብጣሽ ወረቀት ውስጡ አስቀምጣለሁ።

ሌላው፣ «በየሳምንቱ» የሚለውን ተዪው። ያ የላጤነትሽ ቃል ነው። በወር አንድ ካልሽ በዓመት 12 ዳሰሳ ነው፤ ለጳጉሜን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ካነበብሽው የወደድሽውን ጨምሪበት። እኔ ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ሲዘጋ አምስት ስድስቱን ጽፌ አስቀምጣለሁ። መስከረም ከገባ በኋላ አንድ በአንድ አወጣለሁ። አንቺ የክረምት እረፍት የለሽም፣ ግን ልጅሽ ጥሩ የተኛችበት ሳምንት ሲገኝ ሁለት ጻፊና አንዱን አቆዪው።

የሌሊት ሠራተኛዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መምህር እውነታቸውን ነው። እኔ የምጨምረው በድምፅ መጻፍን ነው። እዚህ ሜሪላንድ አረጋውያንን በሌሊት ሽፍት እንከባከባለሁ። ጠዋት ወደ ቤት ስገባ ጣቴ ስልክ ላይ መጻፍ እንኳ አይፈልግም።

የጉግል ኪቦርድ ከ2017፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ጀምሮ አማርኛ ሲናገሩለት ይጽፋል። ጂቦርድን ስልክሽ ላይ ጫኚ፣ ቋንቋውን አማርኛ አድርጊ፣ የማይክ ምልክቷን ነክተሽ ተናገሪ። መጽሐፍ በጨረስኩ ዕለት ለእህቴ እንደማወራላት አድርጌ አምስት ደቂቃ እናገራለሁ። የሰው ስም ያበላሻል። አራት ነጥቡንም እኔ ነኝ የማስገባው። ቢሆንም ባዶ ገጽ ላይ ከማፍጠጥ የተበላሸ 300 ቃል ማረም ይሻላል። ደግሞ ስናገር ያልተጋነነ ቃል ነው የምጠቀመው። ስጽፍ «እጅግ አስደማሚ» የምለውን ስናገር «ደስ ይላል» እላለሁ፤ ለዳሰሳም ይኸኛው ይሻላል።

ጠያቂዋ

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ታክሲ ውስጥ ሰው ስላለ ማውራት አልችልም። ግን ከወረድኩ በኋላ እስከ ብሎካችን ሩብ ሰዓት እሄዳለሁ። እሱን እሞክራለሁ።

አሮጌ መጽሐፍ ፈላጊው፣ ከአዲስ አበባ

እኔ ፍርሃት አለኝ። ጊዜ ሲያጥር ሁላችንም «አሳጥረን እንጻፍ» እንላለን። ከዚያ ዳሰሳው የጀርባ ሽፋኑን ገልብጦ «ግሩም መጽሐፍ ነው፣ አንብቡት» የሚል ይሆናል። እንዲህ ያለው በዝቷል። አንባቢን አይረዳም፤ ደራሲውንም አይጠቅምም። እባክሽ ወደዚያ አትሂጂ።

እኔ የምልሽ፣ ጥልቀቱን ሳትነኪ የምትዳስሺውን አጥብቢው። የአጭር ልቦለድ መድበል ካነበብሽ አሥሩንም መዳሰስ የለብሽም። አንዱን ምረጪና ስለ እሱ ብቻ ጻፊ። ከግጥም መጽሐፍ አንድ ግጥም። ከረጅም ልቦለድ አንድ ገጸ ባሕርይ ወይም አንድ ምዕራፍ። እንዲህ ሲሆን በ400 ቃል ቁም ነገር መናገር ይቻላል።

ደግሞ አዲስ መጽሐፍ ብቻ መሆን የለበትም። ድሮ ያነበብሽውንና ልብሽ ውስጥ የቀረውን አስቢ። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ነው፤ ዛሬም የሚጻፍበት ሞልቷል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን የሰማ ሰው ድምፁን አይረሳውም። ያንን ትረካ የልጅሽን ልብስ እያጠብሽ አዳምጪው። የነካሽ ቦታ ሲደርስ አቁሚና ምዕራፉን አስታውሺ። ማታ መጽሐፉን ገልጠሽ ያንን ምዕራፍ ብቻ አንብቢ። እጅሽ ሥራ ላይ እያለ ዳሰሳሽ ተጀመረ ማለት ነው።

የቴሌግራም ቻናል ያለው ልጅ

በአጭሩ እኔም ልበል። ማስታወሻሽን ቴሌግራም ላይ ወደ ራስሽ ላኪ፤ ሴቭድ ሜሴጅስ ውስጥ። በመጽሐፉ ስም ሃሽታግ ካደረግሽበት ሲጨርሱ ፈልጎ ማግኘት የሁለት ሰከንድ ነገር ነው። የጻፍሽውን ቻናል ላይም የምታወጪ ከሆነ የመላኪያዋን ምልክት ተጭነሽ ቆዪ፤ ቀንና ሰዓት ቆርጠሽ እንድታስቀምጪ ያደርግሻል። እሑድ አዘጋጅተሽ ሐሙስ ራሱ ይወጣል። አንድ መልእክት 4,096 ፊደል ነው የሚይዘው፤ ወደ 700 የአማርኛ ቃል መሆኑ ነው። ከሽፋኑ ፎቶ ሥር ከሆነ ግን በነፃው አካውንት 1,024 ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ጽፎ መጨረሻ ላይ ይቆረጥበታል።

ጠያቂዋ

ይህን ሁሉ ስላላችሁኝ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ልጨምር። ከሁለቱ ደራሲዎች የአንዱን መጽሐፍ ግማሽ ድረስ አንብቤ አልወደድኩትም። ምን ልበለው? ዝም ማለት ነውር መሰለኝ፤ መናገርም ከበደኝ።

መጽሐፉን በራሱ ያሳተመ

እህቴ፣ ይህን እኔ ልመልስልሽ። አንድ መጽሐፍ ከኪሴ አውጥቼ አሳትሜያለሁ። ለስምንት ሰዎች «እዩልኝ» ብዬ ሰጠሁ። ስድስቱ እስከ ዛሬ ቃል አልተነፈሱም። መንገድ ላይ ሳገኛቸው እነሱም ያፍራሉ፣ እኔም አፍራለሁ። ሰባተኛው ግን በሳምንቱ ጻፈልኝ። «ልጅ ወልጃለሁ፤ እስከ ፋሲካ አልደርስም፤ አትጠብቀኝ» አለኝ። እንዴት እንደቀለለኝ! ለሌላ ሰው ሰጠሁ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ጻፊላቸው። መቼ እንደምትደርሺ ካወቅሽ ወሩን ንገሪያቸው፤ ካላወቅሽ «አልችልም» በዪ።

ላልወደድሽው ደግሞ ግማሽ አንብበሽ ዳሰሳ አታውጪ፤ ሰውየው ያልታየው ግማሽ አለው። በግል ንገሪው። «ገጽ ይህን ያህል ላይ አቆምኩ፤ እስከዚያ ድረስ ንግግሮቹን ወደድኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ታሪኩ የቆመ መሰለኝ።» ለጀማሪ ደራሲ አንባቢ ያቆመበትን ገጽ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ያን ቁጥር ለእኔም የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሁለተኛውን እትም ሳላስተካክል አላሳትምም ነበር።

ጠያቂዋ፣ ከአሥር ቀን በኋላ

ተመልሻለሁ። ለሁለቱም ጻፍኩ። ያልወደድኩለት ልጅ ሁለት ቀን ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «ገጽ 94 ያልሽው ልክ ነው፤ እኔም እዚያ ላይ ስጽፍ ደክሞኝ ነበር» ብሎ መለሰልኝ። ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

ታክሲ ውስጥ እርሳሱ እየወደቀ አስቸገረኝና በክር ከመጽሐፉ ጋር አሰርኩት። እስካሁን ዘጠኝ መስመር አለኝ። በእግር ስሄድ ደግሞ ተናገርኩ፤ 260 ቃል ወጣልኝ። ከአጭር ልቦለድ መድበሉ ስለ አንዷ ታሪክ ብቻ ነው። ትናንት ማታ ልጄ እንደተኛች አረምኩት፤ 40 ደቂቃ ፈጀ። ብሎጉ ላይም «ከእንግዲህ በወር አንድ፣ በወሩ የመጨረሻ ሐሙስ» ብዬ ጻፍኩ።

መምህር፣ ያ ገጽ 188 ላይ ውሸቱ የሚመለስበት ልቦለድ ምንድን ነው? እርስዎ ሲያወሩት ማንበብ አማረኝ።

መምህሩ፣ ከደሴ

እሰይ! በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ስሙን እነግርሻለሁ። እዚህ ካልኩት ዋናውን ነገር ስለዘረገፍኩት የሌላውን አንባቢ ደስታ እሰርቃለሁ። ከፈለግሽ የእኔን ቅጂ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። ከኋላ ያለውን የእርሳስ ጽሑፌን ግን ጨርሰሽ እስክታነቢ አትዪው።